የጠላ ጋን ንጽሕና

ጠላ በኰመጠጠ ጊዜ በየቤቱ አስቀድሞ የሚከሰሰው ጌሾው ወይም ብቅሉ ነው፤ ከዚያም ጠማቂዪቱ ትከሰሳለች። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስኾን፣ ሳይመረመር የተፈረደ ነገር እንደማይጸና በየቀኑ እየጻፍኹ፣ በቤቴ ግን ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለኹ።

የልጄ ክርስትና በደረሰ ጊዜ ከተጠመቀው ከ2 ጋን ጠላ አንዱ እንደ ኾምጣጤ ኾኖ ተገኘ። በእንግዶች ፊት ስላፈርኹ፣ ብዙ ዘመን በቤታችን የጠመቀችውን ሴት በብርቱ ቃል ገሠጽኋት። እርስዋም «ጌታዬ፣ ጥንስሱም ጌሾውም አንድ ነው፤ የተለየው ጋኑ ብቻ ነውና እርሱን ይመርምሩልኝ» አለችኝ። በማግሥቱ መብራት ይዤ ባየው፣ ከአንገቱ በታች የከረመ አተላ እንደ ልስን ተለጥፎበት ነበር። ያንንም ጋን ያጠበው እኔው አቻኵዬ ያዘዝኹት አሽከር ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላ ረቂቅ ቀዳዳ ስላለው ጠላውን ይጠጣል፤ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያንም በዚያ ተሸሽገው ይከርማሉ። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቢራ መበላሸት ከእንደዚህ ያሉ ተሐዋስያን እንደሚመጣ አስረድቷል። እናቶቻችንም ይህን መጽሐፍ ሳያነቡ መድኀኒቱን በልማድ ያውቁት ነበር።

ጋኑ ባለቀ ዕለት አተላው ይደፋ፤ አንድ ሌሊት እንኳ አይደርበት። ቀጥሎ የግራዋ ቅጠል በውሃ እየታሸ፣ ውስጡ እስከ አንገቱ ድረስ በብርቱ ይፈተግ፤ ውሃውም ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሞ ይለወጥ። ከዚህ በኋላ አፍንጫን አስጠግቶ ማሽተት ነው፤ የኾምጣጤ ሽታ ካለው እንደ ገና ይታጠብ። ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ፣ በፍሕም ላይ የወይራ ስንጣሪ አድርጎ፣ ጋኑን በአፉ ደፍቶ ከ10 ደቂቃ ያላነሰ ማጠን ነው። መክደኛውና መቅጃውም ከጋኑ ጋራ አብረው ይታጠቡ።

ብዙ ሰዎች ግን የወይራው መዓዛ ደስ ስለሚያሰኛቸው ማጠብን ችላ ብለው በማጠን ብቻ ይታመናሉ። ጢስ የታጠበውን ጋን ይጠብቃል እንጂ ያልታጠበውን አያነጻም።

ሳሙናና በረኪና ለሸክላ አይስማሙም፤ ሸክላው ጠጥቶ ሽታቸውን ለጠላው ይመልሳልና። ዛሬ በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቁም አሉ፤ በርሜሉ ቀድሞ መድኀኒት ወይም ቀለም የነበረበት ከኾነ፣ ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ አይኹን።

እኔም ያችን ሴት በገሠጽኋት በዚያው በቤተ ሰቡ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። እናንተም የተከበራችኹ የቤት ጌቶች፣ ከድግሱ አስቀድማችኹ በቂ ውሃ፣ ወይራና ጊዜ ስጡ፤ ጠላው ቢበላሽም ሰውን ከመውቀሳችኹ በፊት ጋኑን መርምሩ።