ከጉባኤ ቃና ጀምር

ለእንቁጣጣሽ ደምበጫ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይገባል። ከአልጋው ራስጌ ወረቀት ለጥፎ «ዶክተር እሆናለሁ» ብሎ በትልቁ ጽፎበታል። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ዛሬስ ምን ሠራህ?» አልኩት።

«አነበብኩ ጋሼ።»

«ምን ያህል?»

«ብዙ።»

ልስቅበት አልደፈርኩም። የእኔም ደብተር በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን «መጽሐፉን እጨርሳለሁ» ይላል፤ አራት ዓመት ሞላው። የተለወጠው እስክሪብቶው ብቻ ነው።

የልጁ አያት በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ ናቸው። ወረቀቱን አነበቡለትና ፈገግ አሉ። «እኔ መምህር እሆናለሁ ብዬ አልጀመርኩም። በሁለት ቤት ነው የጀመርኩት።»

የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት በጎጃም ይህ ለብዙ ሰው ግልጽ ነው፤ ለከተሜው ግን ላብራራ። ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት፣ ማለትም ባለ ሁለት ስንኝ፣ ቅኔ ናት። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ቀን ከጓደኞቹ ተነጥሎ ዛፍ ሥር ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ያርማሉ። ጉባኤ ቃና ሲሰምርለት ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ባለ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ባለ ስድስቱ ሥላሴ እያለ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የትናንቱን ዛሬ ይዞ ቢመጣ ግን አይቆጠርለትም፤ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው። አንዳንዱ ከጉባኤ ቃና ሳያልፍ ክረምቱ ይወጣል። ያም ቢሆን የት እንዳለ ያውቃል።

የእኛ ልጆች አያውቁም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ የ2015ቱም 3.2 ከመቶ። ስለ ፈተናውና ስለ መምህራኑ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ስንቱ ልጅ የጎደለውን የሰማው ከ12 ዓመት በኋላ፣ ውጤቱ በተለቀቀ ዕለት ነው። የቆሎ ተማሪ ቤቱ እንዳልመታለት በዚያው ቀን ይነገረዋል።

«ዶክተር እሆናለሁ» የሚለው ቃል ክፋት የለውም። መወድስ ነው። ችግሩ ልጁ ጉባኤ ቃናውን አለመያዙ፣ ቢይዘውም የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። ግድግዳ አያርምም። የእኔም ደብተር አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረመኝም።

አያቱ ባዮሎጂ አያውቁም። ቢሆንም የዚያን ቀን ማታ፣ ራት ከተበላ በኋላ፣ ልጁን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«በል እስቲ ንገረኝ።»

ስለ ሕዋስ ጀመረ። ጥሩ ሄደና መሀል ላይ ተደናቀፈ፤ ወደ እኔ አየ፤ እኔም ረስቼዋለሁ።

«እሷን ነገ» አሉት።