የግቢ ልጅ ሱሁሩን ምን ይበላል?



ረመዷን በገባ ቁጥር ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ የላኩ ወላጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። «ሸሃችን፣ ልጃችን እዚያ ይጾም ይሆን?» ይላሉ። እኛም «ሱሁሩን ምን ይበላል?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

እኛ ለደረሳነት ከቤት ስንወጣ ሎሃችንንና አንድ ጋቢ ይዘን ነበር። ዳና፣ ጃማ ንጉስ፣ ጌታ የሚባሉት የወሎ የዒልም ቦታዎች የቆሙት በሸሆቹ እውቀት ብቻ አይደለም፤ ደረሳውን ያበላው የአካባቢው ገበሬም አለበት። ደረሳውም እንጨት ለቅሞ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ልብሱን አጥቦ ነበር የሚቀራው። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያም በእኛው በመካነ ሰላምም ግቢ አለው። ከሩቅ የመጣውን ተማሪ ግን እንደ ደረሳ አናየውም፤ «የግቢ ልጅ ነው» ብለን እናልፈዋለን።

አምና አንድ ተማሪ እኛ መስጂድ ያፈጥር ነበር። ሦስት ተምር በውሃ ይቀምስና መግሪብን ሰግዶ ይወጣል። ለእራት ወደ ካፌ የሚሄድ መስሎን አልጠየቅነውም። ለካ ከካፌ ወጥቶ ብሩን በእጁ የሚቀበል፣ ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉት ኖሯል። የወሩን ብር በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሶ፣ ሰው መጠየቅ አፍሮ፣ ያለ ሱሁር ሲጾም ከረመ። ከመስጂዱ ፊት ለፊት ሾርባቸው የሚሸት ቤቶች አሉ፤ አንዱ የእኛ ቤት ነው።

ልጁም ጥፋት አለበት። ግን ብር አያያዝ ማን አስተማረው? ወንድ ልጅ ሽሮ ሲሠራ «ነውር ነው» ብለን ከማጀት ያስወጣን እኛው ነን። ለአንድ ተማሪ የሚመደበው የቀን የምግብ በጀት በ2017 ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ እሱም ቢሆን የሚበቃው ቆጥቦ ለያዘ ነው።

ስለዚህ በቴሌብር የምትልኩትን በየሳምንቱ ከፍላችሁ ላኩ። በሶም ላኩ፤ እሳት አይፈልግም፣ ዶርም ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ስትደውሉ «ጾምክ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ስንት ሰዓት ተኛህ?» በሉት። ከተራዊህ እስከ ሱሁር ስልክ ይዞ ያመሸ ልጅ ፈጅርን ሰግዶ ይተኛና የጠዋቱ ክፍል ያመልጠዋል። ይህን በጾም ማሳበብ አይገባም። ከተራዊህ በኋላ ቶሎ ይተኛ፤ ከፈጅር በኋላ ያለችው ሰዓት ለጥናት ትሁነው። እኛም ትምህርታችንን የምንከልሰው ያኔ ነበር። ከታመመም ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት እንደሚችል ከእናንተ አፍ ይስማ። ቤተሰቤ ይቀየመኛል ብሎ መድኃኒቱን የሚተው አለና።

ሌሊቱን በጫት ስለሚያነጉት ደፍረን መናገር ይከብደናል። ዱአ ላይ ይዘነው ስንቀመጥ እያዩን ያደጉ ልጆች ናቸው። ቢሆንም ፈተና ያለበት ተማሪ እንቅልፉን ሸጦ የሚገዛው ነገር አይደለም እንላለን።

ዘንድሮ በእኛ ሰፈር ሰባት ቤቶች ተነጋግረናል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ማታ ከመስጂድ ሁለት ሦስት ተማሪ ይዞ ይገባል። ለሱሁሩ ግን እስካሁን መላ አላገኘንለትም፤ በሶውን ከቤት ላኩ ማለታችን ለዚህ ነው።