ወዶ ዘማቹን ማን ጠየቀው?

የለንደኑን «አርቲስትስ ራይፍልስ» ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ነገሩን እንደ ተረት ያሳጥሩታል። ሰዓሊዎች መሠረቱት፣ ዛሬ ኤስ.ኤ.ኤስ. ሆኗል፣ በቃ። ሲሰሙት ደስ ይላል። እኔን ግን ያናድደኛል፤ መሃል ላይ የተዘለለ ሰው አለ።

እስቲ ከሥሩ እንየው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ1859 ሣልሳዊ ናፖሊዮን እንግሊዝን ይወራል ተብሎ ተፈራ። ኤድዋርድ ስተርሊንግ የሚባል የሥነ ጥበብ ተማሪ ጓደኞቹን ሰበሰበ። ሚሌይ፣ ሮሴቲ፣ ዊልያም ሞሪስ ሳይቀሩ ገቡ። ውሉ ግልጽ ነበር፦ በትርፍ ጊዜህ ትለማመዳለህ፣ ጠላት አገርህ ድረስ ከመጣ ትዋጋለህ። ጠላት አልመጣም። ጦሩ ግን ቀረ፤ መንግሥት ደግሞ እጁ የገባ ጦር ሲቀመጥ ማየት አይወድም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመኮንን ማምረቻ አደረጉት። ከ10,000 በላይ መኮንኖች ከዚያ ወጡ። ገጣሚዎቹ ዊልፍሬድ ኦወንና ኤድዋርድ ቶማስ በዚያ በር አልፈው ነው ፈረንሳይ ላይ የቀሩት። በ1916 ደግሞ የግዳጅ ምልመላ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲያ «ወዶ ዘማች» ምን ማለት ነው?

ጦሩ ራሱም ተዋግቷል። ታኅሣሥ 30 ቀን 1917 ማርኳን አጠገብ 80 ሰዎች ከምሽግ ወጡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 68ቱ ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ከተረፉት አንዱ ሰዓሊው ጆን ናሽ ነበር።

በ1947 ስሙን ለ21ኛው ኤስ.ኤ.ኤስ. ሰጡት። ለሰፈር መከላከያ የተፈጠረ ስም፣ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ሥራው አስተያየት አልሰጥም በሚለው ክፍል ላይ ተለጠፈ። ሰዓሊዎቹ እኮ በአደባባይ ነበር የሚሰለፉት!

«ጦር ከዘመኑ ጋር ይለወጣል» የሚል አይጠፋም። ይለወጥ፤ ማን ከለከለ? ግን አዲስ ሥራ ከሆነ አዲስ ፊርማ ይጠየቅ፣ አዲስ ስምም ይውጣለት። የሙታንን ስም ተውሶ «ያው እኛው ነን» ማለት፣ ያልፈረሙበትን እንዲያጸድቁ ማድረግ ነው። ዛሬ ፎርም ይዘው የሚጠብቁህ ሰዎችም ዓላማውን እንጂ፣ ዓላማው ሲቀየር ማን እንደሚጠይቅህ አይነግሩህም። አንተ ጠይቃቸው።

ናሽ ያን ጠዋት በ1918 ሳለው። ሥዕሉ ለንደን፣ በኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም አለ። በረዶ ነው፤ ሰዎቹ አቀርቅረው ይሄዳሉ፣ የወደቀውን ዞሮ የሚያይ የለም።