የአዝ-ዘህራዊ ምላጭ



ውድ አንባቢዎቻችን፣ በዚህ ወር ዓምዳችን በሐሳብ ወደ ኢስታንቡል ከተማ ልንወስዳችሁ ነው። ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሥር በሚገኘው የጉልሃኔ መናፈሻ ውስጥ የኢስላም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ታሪክ ሙዚየም አለ። የተከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለመመሥረቱ ትልቁን ድርሻ የያዙት መላ ዕድሜያቸውን በሙስሊሞች የሳይንስ ታሪክ ላይ ያሳለፉት ፕሮፌሰር ፉአት ሰዝጊን (1924–2018) ናቸው። በሙዚየሙ የሕክምና ክፍል በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ ብረቶች ይታያሉ፤ ምላጭ፣ መንጠቆ፣ ጉጠት፣ መጋዝ፣ መተኮሻ። ለማያውቃቸው ሰው የአንጥረኛ ወይም የአናጢ ዕቃ ይመስሉታል። ነገር ግን የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ናቸው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ብረቶች ጥንታውያን አይደሉም። በዘመናችን የተሠሩት ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ያሉትን ስዕሎች በመከተል ነው። ሐኪሙ በእጁ ይይዛቸው የነበሩት ብረቶች ዛሬ የሉም፤ በብዕርና በቀለም ያሰፈረው ግን ደርሶናል። ባለሙያው ሙያውን ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ ምን እናይ ነበር?

የመጽሐፉ ባለቤት

የመጽሐፉ ባለቤት አቡል ቃሲም ኸለፍ ኢብን አባስ አዝ-ዘህራዊ ይባላል። የኖረው በአንደሉስ፣ በቁርጡባ ከተማ አጠገብ በነበረችው በመዲነቱ ዘህራእ ሲሆን፣ ወደ አኼራ የሄደው በ1013 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። አውሮፓውያን አልቡካሲስ ይሉታል። «አት-ተስሪፍ» የተባለው መጽሐፉ 30 ክፍሎች አሉት። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ብቻ የሚናገር ሲሆን በሦስት ይከፈላል፤ ስለ መተኮስ፣ ስለ መቅደድና ስለ አጥንት ስብራትና ውልቃት። በውስጡ ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች ተስለዋል።

ከእነዚህ አንዱ ስሙ በዐረብኛ «አታላይ» ማለት ነው። እብጠት ለማፍረጥ የሚያገለግል ትንሽ ምላጭ ሲሆን፣ በሽተኛው አይቶ እንዳይደነግጥ ስለቱ ተደብቆ የሚያዝ ነው። ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ያ ሐኪም ስለ በሽተኛው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ስለ ልቡም ይጨነቅ ነበር ማለት ነው። ሌላው ክር ነው። አዝ-ዘህራዊ የተቀደደ አንጀትን ከእንስሳት አንጀት በተሠራ ቀጭን ክር ስለ መስፋት ጽፏል። ዛሬ ሐኪሞች በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚቀር ክር ይጠቀማሉ። የሚሠራበት ነገር ቢለወጥም ሐሳቡ ከዚያ የራቀ አይደለም።

በዚያው ዘመን ደግሞ በካይሮ ዐማር ኢብን ዐሊ አል-መውሲሊ የተባለ የዓይን ሐኪም፣ የዓይን ሞራን ውስጡ ክፍት በሆነ ቀጭን መርፌ መጥጦ ስለ ማውጣት ጽፏል።

መኩራራት ወይስ መማር?

ወጣቶቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኛም ደስ ይለናል። ግን በመኩራራት ብቻ እንዳንቆም እንፈራለን። አዝ-ዘህራዊ ራሱ ከእርሱ በፊት ከነበሩት ግሪኮች፣ በተለይም ከገሊኖስና ከጳውሎስ ዘኤጊና መጻሕፍት ተምሯል። የቀደሙትን ሥራ አንብቦ፣ በእጁ ፈትኖ፣ የራሱን ጨመረ። ከዚያም በ12ኛው መቶ ዘመን በቶሌዶ ከተማ ጄራርድ ዘክሬሞና የመጽሐፉን የቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ላቲን ተረጎመው። በ1363 እ.ኤ.አ. ታላቁን የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ የጻፈው ፈረንሳዊው ጊ ደ ሾልያክ ከአዝ-ዘህራዊ ደጋግሞ ጠቅሷል። እውቀት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ አማና ነው። የተቀበለ ሰው ደግሞ ሳይጨምርበት ቢያስቀምጠው ባለበት ይደርቃል።

ሙዚየሙ የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። እነዚያ መሣሪያዎች በዘመናቸው ድንቅ ቢሆኑም የጎደላቸው ነበር። ሕመም የሚያስረሳው የኤተር ማደንዘዣ በቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት በተሳካ ሁኔታ የታየው በ1846 እ.ኤ.አ. ነው። ጆሴፍ ሊስተር በግላስጎው ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከጀርም መከላከል የጀመረው ደግሞ በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ቀዶ ጥገናው የተሳካለት ሰው እንኳ ከቀናት በኋላ በቁስሉ ማመርቀዝ ይሞት ነበር። ስለዚህ አባቶቻችንን ማክበር ማለት ወደ እነርሱ ምላጭ መመለስ ማለት አይደለም። የእነርሱን ትጋት መያዝ ማለት ነው።

ያላወቀ እጅ

አዝ-ዘህራዊ በቀዶ ሕክምናው ክፍል መግቢያ ላይ ያየውን ይናገራል። የሰውን ሰውነት አሠራር ያልተማረ አንድ ሐኪም የአንዲትን ሴት የአንገት እብጠት ሲቀድ የደም ሥሯን ቆረጠው፤ ሴትየዋ ደሟ ፈሶ እዚያው በፊቱ ወድቃ ሞተች። ሌላው ደግሞ ከአንድ ሽማግሌ ፊኛ ጠጠር አወጣለሁ ብሎ ከፊኛው ጭምር ቆርጦ አወጣ፤ ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አዝ-ዘህራዊ ይህን የጻፈው ሌሎችን ለማሳጣት አልነበረም። ተማሪዎቹ የማያውቁትን እንዳይነኩ ለማስጠንቀቅ ነው።

ነብዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ፣ አን-ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። «አስቤ ያደረግሁት ለበጎ ነው» ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ! ይህ ሐዲስ የሩቅ አገር ጉዳይ አይምሰላችሁ። በአገራችን ሕፃን ሲያስለው ወይም ጡት አልጠባ ሲል እንጥሉን የሚያስቆርጡ፣ ተቅማጥ ሲይዘው ጥርስ ያልወጣበትን ድዱን አስፈልቅቀው ግግ የሚያስወጡ ቤተሰቦች አሁንም አሉ። የሚቆርጡት ሰዎች በመንደሩ የተከበሩ፣ ልባቸውም ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቤት ውስጥ የተያዘ ምላጭ ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ያመጣል፤ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ከተዛወረም የኤች.አይ.ቪ. እና የጉበት በሽታ ተሕዋስያንን ያስተላልፋል። የሕፃኑ ሕመም የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ እንጥሉ ሲቆረጥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርስበት ጊዜ ያልፍበታል።

እስቲ እናወዳድር። አዝ-ዘህራዊ ያን ሁሉ መሣሪያ በእጁ ይዞ ሳለ፣ እንጥል በምን ሁኔታ እንደሚነካና በምን ሁኔታ ፈጽሞ እንደማይነካ ለይቶ ጻፈ። እኛ ግን ሳንመረምር «ይቆረጥ» እንላለን። ዋግምትም ቢሆን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የፈጸሙት ሕክምና ነው ብሎ ለሚወድ ሰው፣ ምላጩ አዲስ፣ እጁም የተማረ መሆን እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። ሱናውን የሚወድ ሰው ሱናው ያዘዘውን ጥንቃቄም ይወዳል።

ለሴት ልጆቻችን

አዝ-ዘህራዊ ሴት በሽተኛ የፊኛ ጠጠር ሲያጋጥማት ሕክምናው የሚከብድበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ሙያውን የምታውቅ ሴት ሐኪም ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን ይጠቅሳል፤ ካልተገኘች ብልህ አዋላጅ አብራው እንድትሠራ ይመክራል። ይህ የተጻፈው ከሺህ ዓመት በፊት ነው። ዛሬም ስንት እናት «ወንድ ሐኪም አያየኝም» ብላ ሕመሟን ደብቃ ትኖራለች! ሐያእ የኢማን ክፍል ነው። ታዲያ እናታችን ሴት ሐኪም እንድታክማት የምንፈልግ ከሆነ፣ ልጃችንን ከ8ኛ ክፍል አስቀርተን ሐኪሟን ከየት እናመጣለን? በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) ሲቆስሉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ሩፈይዳ (ረ.ዐ.) ድንኳን እንዲወሰዱ ማዘዛቸውን የሲራ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ድንኳኑ የነበረው በመስጊዱ ውስጥ ነበር።

ወጣቶች ሆይ! በኢስታንቡል በመስታወት ውስጥ ያሉት ብረቶች እጅ የላቸውም። የሚጠብቁት ባዮሎጂና ኬሚስትሪውን ሌሊት መብራት ሥር የሚያጠና፣ ፈጅሩን ሰግዶ ደብተሩን የሚገልጥ ወጣት ነው። በሱረቱል ማኢዳህ 32ኛ አንቀጽ አንዲትን ነፍስ የማዳን ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ዋጋ የሚገኘው በምኞት ሳይሆን በኢልም ነው።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ሕፃኑ ቢያስለው ምላጭ አትፈልጉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ጠቃሚ እውቀትንም ይለግሰን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።