አንጀቱ ለተሰፋ ሰው ዲክሎፌናክ ይሰጣል?

ፋርማሲ ገብቶ ዲክሎፌናክ ያለማዘዣ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው። ለጥርስ፣ ለወገብ፣ ለምኑም። አንጀቱ ተቆርጦ ለተሰፋ ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ሐኪሞችም ከአሥር ዓመት በላይ ሲከራከሩበት ቆይተዋል።

ክርክሩን ያጋጋለው እ.ኤ.አ በ2012 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ነው። የአንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው 2,766 ሰዎች መረጃ ታየ። ፀረ ብግነት ማስታገሻ ካልወሰዱት ውስጥ ስፌቱ አፍስሶ ድጋሚ ኦፕራሲዮን የገቡት 5.1 በመቶ ነበሩ። አይቡፕሮፌን ከወሰዱት 8.2፣ ዲክሎፌናክ ከወሰዱት ደግሞ 12.8 በመቶ! ሌሎች ምክንያቶች ተለይተው ሲሰላ የአይቡፕሮፌኑ ልዩነት አልጸናም፤ የዲክሎፌናኩ ግን ጸና።

ለምን? እነዚህ መድኃኒቶች ሕመም የሚያስታግሱት ብግነት የሚያስነሱ ኬሚካሎችን በመቀነስ ነው። ቁስል መዳን የሚጀምረው ደግሞ በዚያው ብግነት ነው። ስፌቱ ካፈሰሰ አንጀት ውስጥ ያለው ነገር ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስና ኢንፌክሽን ያስከትላል። ሰው ይሞትበታል።

"በቃ ይታገድ" ለማለት ግን አትቸኩሉ። የዴንማርኩ ጥናት ሕሙማንን በዕጣ መድቦ ያወዳደረ አይደለም። ኢማጂን የተባለውና በብዙ አገሮች 4,164 ሕሙማንን የተከታተለው ጥናትም ስፌት በማፍሰስ በኩል የጎላ ልዩነት አላገኘም። አማራጮቹም ንጹሕ አይደሉም፦ ሞርፊንና ትራማዶል አንጀትን ያዘገያሉ፣ ያደርቃሉ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ አስቦበት፣ ለጥቂት ቀን፣ ሆስፒታል ውስጥ ቢያዝ የሚገርም አይደለም።

እኛን የሚያሳስበን ሌላው ጥናት ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት 13,082 ሰዎች የታዩበት የ2015 ጥናት አደጋው ጎልቶ ያገኘው በድንገተኛ የደንዳኔ ኦፕራሲዮን ላይ ነው። እኛ አገር ደግሞ የአንጀት መታጠፍ ሰውን በድንገት ኦፕራሲዮን ከሚያስገቡት ዋነኞቹ አንዱ ነው። ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲያቃስት፣ ቤተሰብ ሮጦ የሚገዛው የሚያውቀውን ዲክሎፌናክ ነው። ፋርማሲስቱም ካልተነገረው በምን ያውቃል?

ከመውጣታችሁ በፊት "ቤት ሲያመው ምን እንስጠው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም አጽፉ። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት ወይም ትውከት ከመጣ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ የለም፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው። ዲክሎፌናክ ትኩሳቱንም ሕመሙንም ለጊዜው ሊሸፍነው ይችላል።