ጀልባ የጋረደው መስኮት

ባለፈው ወር በተደረገው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሣው አጀንዳ፣ እንደተጠበቀው የአባልነት መዋጮ ጉዳይ ሳይሆን የዕረፍት ጊዜው የመርከብ ጉዞ ነበር። ኮሚቴው ከጉዞ ወኪሉ ተቀብሎ ያቀረበው የዋጋ ወረቀት አራት መስመር አለው፤ መስኮት የሌለው ክፍል፣ መስኮቱ የተጋረደ ክፍል፣ መስኮቱ ባሕር የሚያሳይ ክፍል፣ በረንዳ ያለው ክፍል። ዋጋው ከላይ ወደ ታች እየጨመረ ይሄዳል። ሁለተኛው መስመር ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡት ወንድሞች ሳቁ፤ «ግድግዳ ለማየት ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» ያለም ነበር። በመጨረሻ የተወሰነው እያንዳንዱ አባል እንደ አቅሙ ይምረጥ ተብሎ ነው። እኔም በዚያን ዕለት አፌን ይዤ ተቀምጫለሁና ከወቀሳው ነጻ አይደለሁም። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ግን ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ነው።

ለመሆኑ መስኮቱን የሚጋርደው ምንድን ነው? አንዳንድ ጊዜ የብረት ምሰሶ ወይም የመርከቡ አካል ሊሆን ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን የነፍስ አድን ጀልባ ነው። የሽርሽር መርከብን ከጎኗ ለተመለከተ ሰው በወገቧ ላይ በረድፍ የተንጠለጠሉት ጀልባዎች በግልጽ ይታያሉ። እነዚያ ጀልባዎች የተንጠለጠሉት አየር ላይ ብቻ አይደለም፤ ከኋላቸው የሰው መኝታ አለ። እንግዲህ በስብሰባው የተሳቀበት ክፍል ይኸው ነው።

ይህ ጀልባ እዚያ ቦታ ላይ እንዲሰቀል ስንት ሕይወት እንደተከፈለ ማስታወስ ያስፈልጋል። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1912 ስትሰምጥ 2,200 ያህል ሰው አሳፍራ ነበር። የያዘቻቸው ጀልባዎች 20 ሲሆኑ፣ ሁሉም ጢም ብለው ቢሞሉ ሊይዙ የሚችሉት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። የሚያስገርመው ሕግ አለመጣሷ ነው። በጊዜው የነበረው የእንግሊዝ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን፣ ከ10,000 ቶን በላይ ለሆነች መርከብ ሁሉ 16 ጀልባ ይበቃል ይል ነበር፤ የታይታኒክ ግን 46,000 ቶን ደርሷል። ጀልባ የሚያወርዱት ክንዶች ከነበሩት የበለጡ ጀልባዎችን እንዲሸከሙ ሆነው የተሠሩ ነበሩ። ጀልባዎቹ አልተጨመሩም፤ ከጀልባ ነጻ የሆነው የወለሉ ክፍል የመንገደኞች መንሸራሸሪያ ሆኖ ቀረ። 1,500 ያህል ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በጥር 1914 ለንደን ላይ የተፈረመው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት የዚህ እልቂት ውጤት ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት መርከብን ለቆ የመውጣት ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ፣ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ የጫኑት የማዳኛ ጀልባዎች በ30 ደቂቃ ውስጥ ውሃ ላይ መውረድ መቻል አለባቸው። ይህ የሚሆነው ደግሞ ጀልባዎቹ ለሰው ቅርብ ሲሆኑ ነው። ለሰው ቅርብ የሆነ ጀልባ የአንድ ሰው መስኮት መጋረዱ አይቀርም።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ቢኖር እኛ ወዳለንበት አካባቢ ይመለስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 አል ሰላም ቦካቾ 98 የተባለችው መርከብ ከሳዑዲ ዓረቢያ ዱባ ወደብ ተነሥታ ወደ ግብጽ ሳፋጋ ስትሄድ ቀይ ባሕር ውስጥ ሰጠመች። ከተሳፈሩት 1,400 ያህል ሰዎች 1,000 ያህሉ ሞቱ። ብዙዎቹ ሠርተው፣ ለቤተሰባቸው ጥቂት ነገር ቋጥረው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ግብጻውያን ሠራተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ደግሞ ኮስታ ኮንኮርዲያ በጣልያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰው ሞቷል። በዚያን ዕለት ከተሳፈሩት መንገደኞች ብዙዎቹ ጀልባቸው የት እንዳለ የሚያሳየውን ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ከመነሣት በፊት ወይም እንደተነሡ ወዲያው እንዲደረግ ተደንግጓል። ጀልባው በመስኮታቸው ስለሚታይ ብቻ በተጋረደው ክፍል ያረፉት ቀድመው ይድናሉ ማለቴ አይደለም፤ የመሰብሰቢያው ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። መስኮታችን ላይ ለምን ተደቀነ ብለን የምናማርርበትን ነገር ማንነት አንርሳ ነው የምለው።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። መስኮት ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ ማየት፣ ሌላው ብርሃን። የዋጋው ወረቀት ሁለቱን አንድ አድርጎ ያቀርባቸዋል፤ ለሰውነታችን ግን አንድ አይደሉም። የመተኛትና የመንቃት ሰዓታችንን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ቀኑን የሚያውቀው ዐይን በሚያቀብለው ብርሃን ነው። በጀልባና በመስኮት መካከል የሚገባው ብርሃን ለዚህ ሥራ ይጠቅማል፤ ጠዋት መሆኑን ለማወቅ አድማስ ማየት አያስፈልግም። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እዚህ በመጣሁበት ዓመት የተከራየሁት ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ርካሽ ነበርና ደስ ብሎኝ ገባሁበት። በሁለተኛው ወር የጠዋት የአናቶሚ ፈተና ተኝቼ አመለጠኝ። ስነቃ የመሸ መስሎኝ መብራት አብርቼ ራት ፍለጋ ወጣሁ፤ ውጭ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ቀጥሎ የገባሁበት ክፍል መስኮት ከአንድ የሲሚንቶ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ተፋጦ ነበር። እዚያ ሦስት ዓመት ኖርሁ፤ አንድም ፈተና አላመለጠኝም።

እርግጥ ነው፣ ማየትም ዋጋ አለው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት እኔን የሚቃወም ይመስላል። በፔንሲልቬንያ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕመምተኞች አነጻጸረ። 23ቱ በመስኮታቸው ዛፎች ያያሉ፤ 23ቱ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን ቆዩ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም ባነሰ መጠን ነው። ጥናቱን አልክድም። ነገር ግን ያ ሕመምተኛ እንደ ልቡ ወጥቶ መንሸራሸር አይችልም ነበር። እኛ ግን ጤነኞች ነን፤ ደረጃ ወጥተን ከላይኛው ክፍት ወለል ላይ ስንቆም ባሕሩ በአራቱም ማዕዘን የኛ ነው፤ ባለበረንዳው የሚያየው አንድ ጎኑን ብቻ ነው።

ባሕር ለሚያዞረው ሰው ደግሞ ይህ ምክር በእጥፍ ይጠቅማል። የባሕር ሕመም የሚመጣው የውስጥ ጆሮ መንቀሳቀሳችንን ሲናገር ዐይን ደግሞ የክፍሉን የቆመ ግድግዳ እያየ «አልተንቀሳቀስንም» ሲል ነው። መድኃኒቱ ወደ ውጭ ወጥቶ አድማስ ላይ ማተኮር ነው። መርከብ የምትናወጠው ይበልጡን ከፊትና ከኋላ ጫፎቿ፣ እንዲሁም ከላይ ነው፤ ጀልባዎቹ የሚሰቀሉት ግን ባመዛኙ ወደ መካከሏ ነውና ከጀርባቸው ያሉት ክፍሎች በዚህም አይጎዱም። አብዛኞቻችን ከደጋ የመጣን፣ ባሕርን መጀመሪያ ያየነው በአውሮፕላን መስኮት ስለሆነ ማናችን እንደሚያዞረን ገና አልተፈተነም።

ጉድለቱንም ልደብቅ አልፈልግም። ሠራተኞቹ ጀልባውን ሊያጸዱና ሊፈትሹ ሲመጡ በመስኮትህ ፊት ይቆማሉ፤ መጋረጃ መዝጋት ግድ ይሆናል። መርከቧ ወደብ ሳትጠጋ መልሕቅ ጥላ መንገደኞችን በእነዚሁ ጀልባዎች ወደ ምድር ስታመላልስ ደግሞ የመዘውሩ ጩኸት በማለዳ ይቀሰቅሳል። በዚያ ቀን ግን ጀልባው ወርዶ ስለሚሄድ፣ ከማን እንደመጣ የማታውቀው ባሕር ድንገት ከመስኮትህ ፊት ይዘረጋል። «የተጋረደ» የሚለው ቃልም አንድ ወጥ ልክ የለውም። አንዱ ክፍል ከጀልባው ጣሪያ በላይ ሆኖ ሰማይና ባሕር ያያል፤ ሌላው የጀልባውን ሆድ ብቻ ያያል፤ ሁለቱም በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። ስለሆነም ኮሚቴው የክፍሎቹን ቁጥር ከመርከቧ ፕላን ጋር አስተያይቶ ከመክፈሉ በፊት ወኪሉን በየቁጥሩ ይጠይቅ።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ ላይ ደርሻለሁ። «እንደ አቅም ይምረጥ» ማለት በተግባር ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቤተሰቡ የሚልክለት ባለበረንዳ ይሆናል፤ በነጻ ትምህርት ዕድል አበል የሚኖረው መስኮት አልባው ውስጥ ይገባል፤ የባሰበት ደግሞ «ፈተና አለብኝ» ብሎ ይቀራል። ባለፈው ዓመት ጉዞ ፈተና አለብን ካሉት መካከል አንዱ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ፈተና አልነበረብንም። ከአንድ አገር የወጣን፣ እዚህ በአንድ ድስት የምንበላ ሰዎች መርከብ ላይ ስንወጣ በአራት መስመር መከፈላችን ምን ይባላል? (ከሁላችን በታች፣ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት በሌላቸው ጠባብ ክፍሎች ወራት የሚያሳልፉት የመርከቧ ሠራተኞች አምስተኛ መስመር ናቸው፤ እነሱን የዋጋው ወረቀት አይጠቅሳቸውም።)

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማኅበሩ ለሁሉም ተጓዥ ሁለተኛውን መስመር ብቻ ይያዝ። ከማኅበሩ ሣጥን ለጉዞው የተመደበው ድጎማም ለሁሉ በእኩል ከሚከፋፈል ይልቅ በመስኮት አልባውና በተጋረደው ክፍል መካከል ያለውን ልዩነት ለማይችሉት ይሸፍን። በረንዳ ካላገኘሁ አልሄድም የሚል አባል ካለ ምክንያቱን በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን፤ በደስታ አነበዋለሁ።

እኔ በበኩሌ ስሜን በሁለተኛው መስመር አስፍሬያለሁ። ክፍሉ የሁለት ሰው ስለሆነ አብሮኝ የሚያርፍ እፈልጋለሁ፤ ማንኮራፋቴን ከወዲሁ አሳውቃለሁ። የምዝገባው ወረቀት ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።