ከውጤቱ በኋላ ወዴት?

ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት የጤና ምርመራ ማለፍ አለበት። ደሙ ይቀዳል፣ ደረቱ ራጅ ይነሣል። ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የተገኘበት ሰው በባሕረ ሰላጤው አገሮች መመዘኛ ብቁ አይደለም ይባላል፤ በሰፈር አነጋገር «አንፊት» ሆነ ማለት ነው። ብዙ ወጣት ጉበቱ ውስጥ ቫይረስ እንዳለ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። ሌላው ደግሞ ደም ሊለግስ ሄዶ ይሰማል። ሁለቱም ምርመራዎች አስፈላጊ ናቸው። ግን አንዱ የሚደረገው ለተቀባዩ አገር፣ ሌላው ደሙን ለሚወስደው ሕመምተኛ ተብሎ ነው። ለተመርማሪው ለራሱ ሊደረግለት የሚገባው ነገር መጀመር ያለበት ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነበር። ሰውን የምንጥለው ግን ልክ እዚያ ላይ ነው።

የጎረቤቶቼ ልጅ ባለፈው ክረምት ከጉዞ ምርመራ እንዲህ ያለ የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ ከስሟ ሥር «ፖዘቲቭ» የሚል ቃል ተመትቶበታል፤ ወዴት ሂጂ፣ ማንን አማክሪ የሚል አንድ መስመር የለበትም። ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ የብድር ነው። እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ይገድለኛል ወይ?» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ ልጄን አትቀፊ ብላኛለች» አለች። ቤት ውስጥ ብርጭቆዋና ሳህኗ ተለይቷል። አክስቷ የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚያውቁ ሰው ዘንድ ሊወስዷት ቀን ቆርጠዋል። ማንም ክፉ አላሰበባትም። የነገራቸው ሰው ስለሌለ እንጂ።

ሊነገራቸው ይገባ የነበረው ብዙ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በመጎራረስ ወይም በመተቃቀፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ባልጸዳ መርፌና ስለት፣ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። አዋቂ ሆኖ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያሸንፈዋል። በጨቅላነታቸው ከተያዙት ግን ከ10 ልጆች 9ኙ ገደማ ቫይረሱን ይዘውት ይኖራሉ፤ ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይም ይችላል። ከእነዚህ በከፊሎቹ ላይ ጉበቱ ጠባሳ እየያዘ ይሄድና መጨረሻው የጉበት መድረቅ ወይም ካንሰር ይሆናል። መድኃኒት የሚያስፈልገው ለሁሉም አይደለም፤ የሐኪም ክትትል ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በቀን አንድ ፍሬ ቴኖፎቪር ይወስዳል፤ ቫይረሱን ጠራርጎ ባያወጣውም ጉበቱን እንዳያበላሸው ይገታዋል። አክስቷ ያሰቡላት የባህል መድኃኒት ቅጠል ግን ያሰጋኛል። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንድ መንደር ሰዎች ምክንያቱ ባልታወቀ የጉበት ሕመም ሲያልቁ ቆይተው፣ በኋላ ሲጠና ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ጉበታቸውን ሲያበላሽ እንደነበር ታውቋል። ከመሬት የበቀለ ሁሉ ለጉበት ወዳጅ አይደለም።

ዓለም ስለዚህ በሽታ ዝም ብሏል ማለት አይቻልም። ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ ዕለቱ የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ ያገኙት የአሜሪካዊው ሳይንቲስት የባሩክ ብላምበርግ ልደት ነው። እኒህ ሰው ለክትባቱም መሠረት ጥለው እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ቀኑ እንዲታወጅ የገፉት ግን በአብዛኛው ታማሚዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎር ሄፓታይተስ ሲ እንዳለባቸው ካወቁ በኋላ በአገራቸው የታማሚዎች ድርጅት አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከየአገሩ ማኅበራት ጋር ሆነው የዓለም የሄፓታይተስ ኅብረትን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ጉባኤ ቀኑን በውሳኔ አጸደቀው። በ2016 ደግሞ አገሮች ሄፓታይተስን እስከ 2030 የሕዝብ ጤና ስጋት ከመሆን ለማውጣት ተስማሙ። ይህ ሁሉ የተገኘው የታመሙ ሰዎች አፍረው ቤታቸው ስላልተቀመጡ ነው።

ከውሳኔ ወረቀት አልፎ የሠራ አገር ማየት ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ የዓባይ ተጋሪያችን ግብፅ አለች። ግብፅ በሄፓታይተስ ሲ በዓለም እጅግ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ነበረች። መነሻው ደግሞ ልብ ይሰብራል። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ በየገጠሩ የቢልሃርዚያ ሕክምና በመርፌ ሲሰጥ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ ቫይረሱን አዛመተው። ሊያድን የመጣው መርፌ አገር አስያዘ። ሄፓታይተስ ሲን የሚፈውሰው አዲሱ ክኒን ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ገበያ ሲወጣ የአንዱ ፍሬ ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር። ግብፅ ተደራድራ የ3 ወሩን ሕክምና በ900 ዶላር ገደማ ገዛች፤ በኋላም የአገሯ ፋብሪካዎች እያመረቱት ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ወረደ። ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መረመረች።

እኔን የሚገርመኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ጣቱን ተወግቶ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ወደ ሕክምና ጣቢያ ይመራ ነበር፤ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጠው ነበር። ምርመራና ሕክምና አንድ ሥራ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለግብፅ ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚሰጠው እውቅና የወርቅ ደረጃ ሰጣት።

ሄፓታይተስ ቢ ግን እንዲህ ያለ ፈዋሽ ክኒን የለውም፤ እንደ ኤችአይቪና ቲቢ በስሙ የተቋቋመ ዓለም አቀፍ ፈንድም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት እንደሚለው በ2022 ሄፓታይተስ 1.3 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከቢ ጋር የሚኖረው ሰው 254 ሚሊዮን ሲሆን፣ መያዙን ያወቀው 13 በመቶው፣ መድኃኒት የጀመረው 3 በመቶው ብቻ ነው። ሲያስቡት ቴኖፎቪር ውድ መድኃኒት አይደለም፤ ሪፖርቱ በወጣበት ጊዜ በዓለም ገበያ የወሩ ዋጋ 2.40 ዶላር ገደማ ነበር። በአገራችንም የኤችአይቪ ታካሚዎች በነፃ በሚወስዱት መድኃኒት ውስጥ አለ። በአንድ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አንዱ በነፃ ሲወስደው ሌላው ከኪሱ ሊገዛው መንከራተቱ ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ሕክምናው እዚህ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄም አብቅቷል፤ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምረው እንደሚቻል አሳይተዋል።

መከላከሉ ላይም የሚቀረን አለ። ታይዋን ጨቅላ ሕፃናትን መከተብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ በልጆች ላይ የሚደርሰው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል ቀነሰ። በአገራችን ክትባቱ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ከ6ኛ ሳምንት ጀምሮ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከእናት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያግደው ግን በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዲስ የሄፓታይተስ ቢ ተያዦች 63 በመቶው አፍሪካ ውስጥ ነበሩ፤ በአህጉሩ ይህን የመጀመሪያ ቀን ክትባት ያገኙት ሕፃናት ግን 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሳይቃጠል በቅጠል የምንለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል?

የመጀመሪያው ሥራ ግን ትልቅ በጀት አይጠይቅም። ለጉዞ ምርመራ ገንዘብ የሚቀበል እያንዳንዱ ተቋም ቫይረሱ ለተገኘበት ሰው ከውጤቱ ጋር የሪፈር ወረቀት እንዲሰጥና ተረጋግቶ እንዲያስረዳ ጤና ሚኒስቴር ያስገድድ። ይህ ግዴታ ሳይደረግ ሐምሌ 21 በሰልፍና በካናቴራ ቢከበር ለጎረቤቶቼ ልጅ የሚፈይድላት ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ወረቀት በመሳቢያችሁ የደበቃችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አውጡት። ውጤቱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ የጉበታችሁን ሁኔታ አስለኩ፣ ከመጠጥ ራቁ። የትዳር ጓደኛችሁንና ልጆቻችሁንም አስመርምሩ፤ ነፃ ሆነው የተገኙት ይከተቡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ደግሞ ከመውለዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ተናገሩ።